የአሰልጣኙ ድምፅ

«ብስክሌትስ? እሱንም ልንከለክል ነው?» አለ ሌስተር ሆርቫት፣ ለልጆች ቁመት በተሠራችው ወንበር ላይ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተቁነጠነጠ። «ዘንድሮ በዚህች ከተማ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሆስፒታል የገባው ልጅ ከብስክሌት ነው የወደቀው። የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት አይደለም።»

በትምህርት ቤቱ የመመገቢያ አዳራሽ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ አጨበጨበ። ግማሹ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። የቀረበው ሐሳብ አጭር ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እየተላተሙ መጣጣሉ ይቅርባቸውና ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ እየተነጣጠቁ ይጫወቱ። በጉዳዩ ድምፅ ከሚሰጡት አምስት የቦርድ አባላት ሁለቱ እንደሚደግፉ፣ ሁለቱ እንደሚቃወሙ ሁሉም ያውቃል። አምስተኛው ሌስተር ነው። የከተማዋን ቡድን ሃያ ስድስት ዓመት ያሠለጠነ ሰው ምን እንደሚል ደግሞ ማንም አልጠፋውም።

እሱን ግን ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ያለው ነገር ነበር። ቁርሱን ሳይጨርስ የቀድሞ ተጫዋቹ የዳሬል ሚስት ሬጂና ደውላ፣ «ዳሬል ስብሰባው ላይ ልናገር ብሏል። እባክዎ አሰልጣኝ፣ እጁን ቢያወጣም እንዳላዩ ይለፉት» ብላው ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። አሁን ዳሬል ከነኮቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ይኸው ሩብ ሰዓት ሆነው፤ አላወረደውም።

ጆሊን ተነሣች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሥራዋ የተጎዱ ሰዎችን አካል ማፍታታት ነው። «ከብስክሌት ልጅ በዓመት አንዴ ቢወድቅ ነው። እናንተ ሜዳ ላይ ግን ራስ ከራስ በየቀኑ ነው የሚጋጨው። የሚያስፈራኝ አንዱ ትልቅ ምት አይደለም፤ ማንም የማይቆጥረው ትንንሹ ነው።»

«ያንቺ ልጅ እግር ኳስ ትጫወት የለ?» አለ ሌስተር። «ኳሱን በግንባሯ ስትመታ ምን ልትይ ነው?»

«እሳቀቃለሁ። ለዚህም ነው ትንንሾቹ በግንባር መምታት የተከለከሉት። ተከለከሉና ጨዋታው ሞተ?»

«ሆኪውስ? ቦክሱስ?»

«ቦክስ አለ ተብሎ የእኛ ልጆች ይመቱ?»

ሰው ሳቀ። ሌስተር ጆሮው ሲግል ተሰማው። «በእኔ እጅ ስንትና ስንት ልጅ አልፏል። ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ በሰላም ይኖራል።»

«አንድ ይጥሩልኝ» አለች ጆሊን፣ ረጋ ብላ።

ሌስተር ዓይኑ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄደ። ከዳሬል ጎን የተቀመጠችው ሬጂና አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀችበት፤ በጣም በቀስታ፣ እሱ ብቻ እንዲያይ።

«ዳሬል» አለ። «ተነሥ እስቲ፣ ንገራቸው።»

ዳሬል ተነሣ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንገቱ አሁንም እንደ ግንድ ነው። «አመሰግናለሁ፣ አሰልጣኝ። አባቴ ጥሎን ሲሄድ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኚህ ሰው በየማለዳው በፒካፓቸው እየመጡ ልምምድ ይወስዱኝ ነበር። አንድ ቀን አልቀሩም። በረዶም ቢሆን። ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። ጆሊን እንኳ አቀረቀረች። ሌስተር ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አሳረፈ።

ዳሬል ግን አልተቀመጠም። ገና አሁን የገባ ይመስል አዳራሹን ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያም ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አመሰግናለሁ፣ አሰልጣኝ። አባቴ ጥሎን ሲሄድ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።»

አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ፤ ወዲያው ተወው። ዳሬል ቀጠለ። ፒካፑ፣ ማለዳው፣ በረዶው። ቃሉ ያው፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ እንኳ ያው። ሬጂና እጅጌውን ጎተተችው። እሱ ፈገግ ብሎ ቀጠለ።

ሌስተር በዓይነ ኅሊናው ያየው ግን አንድ የድሮ ቀን ነበር። ከጎረቤት ከተማ ጋር የተጫወቱበት ዓርብ። ዳሬል ተላትሞ ወድቆ ቆየ፤ ሲነሣ ወደ ተጋጣሚዎቹ አግዳሚ ነበር የሄደው። ሌስተር ክንዱን ይዞ ሁለት ጣት አሳየው። ስንት ነው? አራት፣ አለ ልጁ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ዳሬልን የመሰለ ሌላ ተከላካይ አልነበረውም። ምንም አልሆንክም፣ ግባ፣ አለው። አሸነፉ።

ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፎ ዳሬልን ትከሻውን ያዘና አብሮት ተቀመጠ። ዳሬል እጁን አፈፍ አድርጎ ጨበጠው።

«ደህና ተናገርኩ፣ አሰልጣኝ?»

«ደህና ተናገርክ፣ ልጄ።»

ሬጂና ልታየው አልፈለገችም። «ለምኜዎት ነበር እኮ» አለች፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ።

ሊቀመንበሯ ወረቀቶቿን አስተካከለች፤ ድምፅ እንድትጠይቅ የጓጓ ሰው አልነበረም፤ ግን ጠየቀች። «የሚቃወሙ?» ሁለት እጆች ወጡ። አዳራሹ በሙሉ ወደ ሌስተር ዞሮ ጠበቀ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«የሚደግፉ?»

ሌሎቹ ሁለቱ እጃቸውን አነሡ። ሌስተር ቀኝ እጁ ዳሬል መዳፍ ውስጥ ነበርና ግራውን አነሣ፤ እንደ ከባድ ዕቃ፣ ቀስ አድርጎ። ከተቃዋሚዎቹ ወንበር አንድ ሰው ስሙን ጠራ። አልዞረም።

ዳሬል ወደ ተነሣው እጅ አየ፣ ወደ አሰልጣኙ ፊት አየ። ምን እንደተጠየቀ አላወቀም። ግን አሰልጣኙ እጁን አንሥቷል፤ እሱም ወገቡን አቅንቶ፣ ደስ ብሎት፣ የራሱን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጎ አነሣ።