ወርቃማው ቆርቆሮ የማን ነበር?

“እማ! ኧረ እንዳትነኪው... የድመት ምግብ ነው!”

እማማ መድና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ካርቶኑ መሐል ቤት ተዘርግፏል... ልጃቸው አርዋ ከአረብ አገር ሰው አግኝታ የላከችው ነው።

በአንድ ወገን ቀያይ ቆርቆሮ... በሌላው ወገን የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ቆርቆሮ። ሁሉም ላይ ዓሣ ተስሎበታል፣ ጽሑፉ ዐረብኛ ነው።

“ቀዩ የሻሼ ነው” አለ ልጃቸው ሃሩን። “ወርቃማው የሰው ነው... እሱን እኔ አስቀምጠዋለሁ።”

“አርዋ ናት እንዲህ ያለችው?”

“በድምፅ ልካልኛለች ስልሽ!”

እውነቱን ነው... በድምፅ ልካለታለች።

ሻሼ እዚያ ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ድመት ናት። አይጥ ገብሱን ሲጨርስባቸው ጎረቤታቸው ምህረት ናት ከደጎሎ ከተማ በካርቶን ይዛላቸው የመጣችው። ጭንቅላቷ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር... ሻሽ ያሰረች ስለምትመስል ሻሼ ተባለች።

እማማ መድና ድመት አሳድገው አያውቁም። አርዋ ግን የማዳሟን ድመቶች የምትንከባከበው እሷ ስለሆነች በስልክ አስተማረቻቸው።

“እማ፣ ሳፋ ላይ አሸዋ አድርጊላት፣ እዚያ ትጸዳዳለች። ውሃዋን ከምግቧ ራቅ አድርጊው። ወተት አታብዢባት፣ ሆዷን ያጣድፋታል። ምግቧን እኔ እልካለሁ፣ አብሽሪ።”

እማማ መድና ጎኑ የተሰነጠቀ ሳፋ ላይ አሸዋ ሞሉ... የጀሪካን ቂጥ ቆርጠው የውሃ መጠጫ አደረጉ... አሮጌ ሻርፓቸውን አነጠፉላት። ሻሼ ተደላደለች።

ያልተደላደሉት እሳቸው ነበሩ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ቤቱ ይዞርባቸዋል። ሐኪሙ “ደም አንሶዎታል እናቴ፣ ሥጋና ዓሣ መብላት አለብዎት” ብሏቸው ነበር።

ሥጋ ከየት ይምጣ? ሐዋላው ሲመጣ ተቀባዩ ሃሩን ነው። ይወጣል... ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ይመለሳል።

እና ቀን በቀን እማማ መድና ቀዩን ቆርቆሮ ለሻሼ ከፍተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራቸውን በበርበሬ ይበላሉ።

አንድ ቀን ጣታቸው ላይ የቀረችውን ዘይት ቀመስ አደረጉና ደነገጡ።

“አስተግፊሩላህ... የድመት ቀማሁ” ብለው አፈሩ።

ሃሩንስ?

ወርቃማውን ይከፍታል... ሽንኩርትና ቃሪያ ይከትፍበታል... ሎሚ ይጨምቅበታል... በትኩስ ዳቦ ይጠቀልለዋል። እናቱ ፊት!

“ለኔ አትቆነጥርልኝም?” ብለውት ያውቃሉ፣ አንዴ።

“የአረብ ምግብ ነው እማ፣ ላንቺ ሆድ አይስማማም።”

ቱ! እኔ ስጽፈው ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ቆይ ግን... ገና የባሰ አለ።

አንድ ጠዋት ሃሩን ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ስልኩ ጮኸ። እማማ መድናን ልትጠይቅ የመጣችው ምህረት አነሳችው።

አርዋ ናት... በቪዲዮ።

“እማዬ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ቱናው አልተስማማሽም?”

“የምን ቱና ልጄ?”

“ቀዩ ቆርቆሮ ነዋ!”

እማማ መድና ዞር አሉ። ሻሼ አፏን ቀዩ ቆርቆሮ ውስጥ ቀብራ ትልሳለች። ወፍራ ቂጧ ተድቦልቡሏል።

“እሱማ... የሻሼ አይደል እንዴ?”

“እማ! ያንቺ ነው እኮ! ሐኪሙ ያዘዘልሽ! የሻሼ ወርቃማው ነው። የድመት ሥዕል ያለበትን ማሸጊያውን፣ ያመጣው ሰውዬ ‘ሻንጣዬን ሞላብኝ’ ብሎ ጣለው እንጂ...”

ምህረት አፏን ያዘች።

ወዲያው ከስልኩ ውስጥ ማዳሟ ስትጮህ ተሰማ... አርዋ “መጣሁ!” ብላ ዘጋችው።

ሃሩን ዳቦውን ይዞ ገባ። ማንንም ሳያይ ጓዳ ገብቶ ወርቃማውን በዳቦ ጠቀለለና ጉንጩን ሞልቶ እያኘከ ወጣ።

“ሃሩን” አለች ምህረት፣ “ወላሂ እየበላህ ያለኸው የድመቷን ነው። አርዋ አሁን ነገረችን።”

ማኘኩን አቆመ። መዋጥም መትፋትም አቃተው። ከዚያ ወደ ጓሮ ሮጠ... አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰ።

ምህረት በሳቅ ፈረሰች። እማማ መድና ግን አልሳቁም።

“በድምፅ ነገረችኝ አላልከኝም?” አሉት አፉን እየጠራረገ ሲመለስ።

“ረጅም ነው እማ... የሐዋላውን ቁጥር ከተናገረች በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ወርቅ የሚመስለውን ለድመት ትልካለች ብዬ መች አሰብኩ?”

ኧረ አንተ ሰው!

ምህረት ድምፁን ፈልጋ ከፈተችው። ከቁጥሩ በኋላ ያለውን...

“...ቀዩ ለእማ፣ ወርቃማው ለሻሼ። ሃሩኔ፣ እማ ብቻዋን ምግብ አይወርድላትም፣ አጠገቧ ቁጭ በልላት። እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከድመት ጋር ነው... እስከዚህ ድረስ ከሰማኸኝ ‘ሰማሁ’ በለኝ፣ እሺ?”

ምህረት ከዚያ በፊት የተላከውን ከፈተች። መጨረሻው... “‘ሰማሁ’ በለኝ፣ እሺ?”

ከዚያም በፊት ያለውን። እሱም እንደዚያው።

የሃሩን መልስ ከሁሉም ሥር አንድ ቃል ነው... “ገብቷል።”

ብሩ ማለቱ ነው።

እማማ መድና ስልኩን ተቀበሉ። ድምፅ ለመላክ የት እንደሚጫን አያውቁም፣ ምህረት ጣታቸውን ይዛ አስጫነቻቸው።

“ሰማሁ ልጄ... እስከ መጨረሻው ሰማሁ።”

ወገኖቼ... የድመት ምግብ ሳያውቁ መብላት ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። የሚያስጠላው የእህቱን ድምፅ ለብር ቁጥር ብቻ የሚሰማ ጆሮ ነው። እዚያ ሰው አገር ያለችው ኤቲኤም አይደለችም... ሰው ናት፣ የሚሰማት ትፈልጋለች።

እስኪ እውነቱን እናውራ... ከስደት የተላከላችሁን ድምፅ እስከ መጨረሻው የሰማችሁት መቼ ነው? ዛሬ ከፍታችሁ ስሙትና፣ መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ ኮሜንት ላይ ንገሩን 👇