ንጹሕ ዘር

«እስከ ሰባት ቤት ብትጠይቂኝም እቆጥርልሻለሁ» አሉ ወይዘሮ ትብለጽ፣ ፀጋ ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ። «በዘራችን በሽታ የሚባል የለም። ለላኩሽ ሰዎች ይህንን ንገሪልኝ።»

ፀጋ ግራ ገባት። «የላከኝ እኮ ሆስፒታሉ ነው፣ እማማ።»

«ሆስፒታልም አላቸው?»

እሑድ ልጃቸውን ዳናይትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ደግሞ አስቀድሞ ዘር የሚያጣራ ሰው መላኩ አይቀርም፤ ወይዘሮ ትብለጽ ራሳቸው የልጁን ዘር ለማጣራት ሁለት ሴቶች ለሚ ኩራ ድረስ ልከዋል። ታዲያ ወረቀት የያዘች ልጅ ጎሮ ድረስ መጥታ በራቸውን ስታንኳኳ ሌላ ምን ይጠርጥሩ?

ዳናይት ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻቸው። ተመራማሪዎቹ አድራሻቸውን ያገኙት ከወንድሟ ከሃይለኣብ የሕክምና ካርድ ላይ ነው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ። ስትሮክና ስኳር በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ ያጠናሉ። እሷም ባለፈው ወር ግፊቷ አሻቅቦ ስለተገኘ ደሟን እንዲያዩላት ፈልጋ፣ እጅጌዋን ከክርኗ በላይ ሰብስባ ተቀምጣለች።

ወይዘሮ ትብለጽ ገባቸው። የገባቸው ግን ሌላ ነው፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር እግር ያወጣል።

«ስም አንጽፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው» አለች ፀጋ።

«ቁጥርም አፍ አለው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ባለቤትዎ በምን አረፉ?»

«መታጠቢያ ቤት አዳልጦት።» እውነት ነው፣ የተገኘው ወለሉ ላይ ነው፤ ውሃው ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

«የባለቤትዎ ወንድምስ?»

«መኪና።» ይህም እውነት ነው። መገናኛ ላይ ግራ እጁ ድንገት መሪውን ከድቶት፣ የቆመ አውቶቡስ ገጨ።

ፀጋ ሁለት ጊዜ «የለም» ብላ ጻፈች። ዳናይት አፏን ከፈተች፤ የእናቷ ዓይን መልሶ ዘጋው። ከውስጠኛው ክፍል የሃይለኣብ አልጋ ሲጢጥ አለ። አንድ ነገር ሊናገር ይታገላል፤ ምላሱ ግን ከሐምሌ ወዲህ አልታዘዝ ብሎታል። ወይዘሮ ትብለጽ ተነሥተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«እንግዲህ ከቤተሰቡ የታመመው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ» አለች ፀጋ፣ ብልቃጦቿን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች፣ «ጥናቱ እህትየዋን አይወስድም። ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል።» ዳናይትን አየቻት። ዳናይት እናቷን አየች። እናትየዋ የወንበሩን ልብስ አስተካከሉ።

ወይዘሮ ትብለጽ ፀጋን እስከ በሩ ሸኝተው ተመለሱ።

«ሠርጉ ይለፍ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሠርጉ ይለፍ እንጂ የፈለግሽበት ሄደሽ ትታያለሽ። ባልሽ ራሱ ይወስድሻል።»

ዳናይት እጅጌዋን አውርዳ ቆለፈች።

«ገባኝ፣ እማ። ብቻ እንደ አባባ የምወድቀው እነሱ ቤት ይሁን።»