ምንም የማታዛባ ሌንስ

«ይሄ ደግሞ ብርጭቆ ነው? የጠርሙስ ቂጥ ነው እንጂ!» ዶን ካሲሚሮ ሁለተኛውን ሌንስ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ተንከባሎ ሳይወድቅ ሌንስ ሻጯ ኤውላሊያ ቀለበችው።

የማድሪድ ማዮር አደባባይ እንደ እሁድ ረፋድ ልማዱ በሳንቲም ሰብሳቢዎች ተሞልቷል። ከቅስቶቹ ስር ትሪ የዘረጋ ሻጭ ሁሉ ጆሮውን ወደ እሷ ጠረጴዛ ጥሏል። ከሽማግሌው ጀርባ ስድስት ሰዎች የየራሳቸውን ሳንቲም ጨብጠው ተሰልፈዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ አንዲት ሳንቲም እውነተኛ የምትሆነው ዶን ካሲሚሮ «ደህና ናት» ሲሉ ነው። ሐሰተኛ ከሆነች የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ወንዝ!» ይላሉ፣ ሂድና ወንዝ ጣላት ማለታቸው ነው።

እዚሁ ሳንቲም ይሸጥ የነበረው የኤውላሊያ ባል ፌርሚን ከአባቱ የወረሳትን ባለ ስምንት ሬያል የድሮ የስፔን የብር ሳንቲም ያቀረበላቸው ቀን ሁለቴ እንኳ አላዩዋትም። «ወንዝ!» አሉ። ቀጥለውም «ሰውየውንም ጨምሩት» ሲሉ አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ከፌርሚን የሚገዛ ጠፋ፤ እሱም በሁለተኛው ክረምት ሞተ። ኋላ ላይ ውጭ አገር ልካ ብታስመረምራት ሳንቲሟ እውነተኛ ሆና ተገኘች። ግን ይህ አሁን ለማን ይነገራል?

«የድሮው ሌንሴ አርጅቶ ደፈረሰብኝ» አሉ ዶን ካሲሚሮ፣ ሰልፈኛው እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ሌንስ መምረጥ የሚያውቅ ሰው ቁጥር አያምንም። ሠላሳ እጥፍ ያጎላል ብለው የሚጽፉት ለሞኝ ነው። አሥር እጥፍ ይበቃል! ሦስት ብርጭቆ የተጣበቀበት፣ ጠርዙ ላይ መስመር የማያጎብጥ፣ ቀለም የማያፈስ። አምጪ እስቲ አንቺ! ጥሩ ጥሩውን ለሬሳ ሣጥንሽ ነው የምትደብቂው?»

«ኧረ ለእርስዎ ምን ይደበቃል፣ ዶን ካሲሚሮ።»

ሦስተኛውን ሰጠቻቸው። ካላት ሁሉ ምርጡ ነበር። እሳቸውም ሌንሱን ዓይናቸው ላይ ለጥፈው ለመሞከሪያ የያዙዋትን የብር ሳንቲም ወደ ሌንሱ አስጠጉ። ጀማሪ ሌንሱን ከሳንቲሙ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ የእሳቸው አያያዝ ግን ዛሬም የባለሙያ አያያዝ ነው። ዓይናቸው ነው እምቢ ያለው። አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ እየሰበቁ፣ ፊት ለፊቱ ምሰሶ እንደቆመበት ሰው በጎን በኩል ያጮልቃሉ። ኤውላሊያ ይህን አንገት ታውቀዋለች። የእናቷ ዓይን መሐል ለመሐል ማየት ሲያቆም ልክ እንዲህ ያደርጋት ነበር።

የደፈረሰው ሌንሱ አልነበረም። ጠጋ ብላ በጆሯቸው «ሐኪም ይይዎት» ልትላቸው ትችል ነበር። ሐሳቡ መጣላት፤ ከዚያ ፌርሚን ትዝ አላትና ተወችው።

«ይሄም ድፍርስ ነው! ከቆሻሻ ገንዳ ነው የለቀምሻቸው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጎረቤቷ ቴምብር ሻጩ ባሲሊዮ ካላማሪ የሚባል የባሕር እንስሳ ጥብስ የተሞላ ዳቦውን እየገመጠ፣ «የባልሽን ዓይን እንዳይሆን የምትሸጪላቸው!» አለ። ሳቁ በረታ።

ኤውላሊያ ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው ስር አንዲት ታጣፊ ሌንስ አወጣች። ከሦስት ቀን በፊት ድንጋይ ላይ ወድቃ ብርጭቆዋ ተሰባብሯል፤ ብሎኗ ለሌላ ይሆናል ብላ ነው ያስቀመጠቻት። ባዶ ቀለበት ናት። ራሷ ዘርግታ በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«ይህች የመጨረሻዬ ናት። ለሁሉም ሰው አላሳያትም።»

ባሲሊዮ ባዶውን ቀለበት አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ገላመጠችው፤ ጉርሻውን ሳያላምጥ ዋጠ።

ዶን ካሲሚሮ ሳንቲሟን አገላበጡ። አራተኛውን ሌንስ ድፍርስ ቢሉ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም፤ ከኋላቸው ሰልፈኛው መቁነጥነጥ ጀምሯል። በቀለበቱ ውስጥ እርጥብ ግራጫ ዓይናቸው እርቃኑን ለኤውላሊያ ታያት።

«ኧሄ!» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ገና ብርጭቆ አሳየሽኝ! ጥርት ያለች ናት። የፊደሎቹን እግር ሳይቀር ቆጥሬያለሁ።»

«ምንም አታዛባም?» ኤውላሊያ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ጠርዟስ?»

«ምንም! እናንተም ኑና ሌንስ ማለት ምን እንደሆነ እዩ!» ብለው ክንዳቸውን አንስተው ቀለበቷን ለሕዝቡ አሳዩ።

ሁሉም አየ። ማንም አልሳቀም። ኤውላሊያ የጠበቀችው ሳቅ ነበር፤ ዝምታው ግን ይበልጥ ጣማት። ከሰልፉ ፊት የቆመችው ሴት ሳንቲሟን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተችና ሄደች። ተከታዩ ሰውዬም ሄደ። ሌሎቹ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ቀስ እያሉ ተበተኑ።

ዶን ካሲሚሮ ከኪሳቸው ለስላሳ ጨርቅ አውጥተው ሌንሷን መወልወል ጀመሩ። አውራ ጣታቸው ከነጨርቁ በቀለበቱ አልፎ በወዲያኛው በኩል ወጣ። እጃቸው ቆመ። ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ ጣታቸውን መልሰው ያንኑ ባዶ ቦታ ዙሪያውን በጥንቃቄ መወልወል ቀጠሉ።

«ልጄ» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብለዋት አያውቁም። «ሰው አየኝ?»

«ማን አይቶዎት! ሁሉም ተራውን እየጠበቀ ነው። እጅዎን ይዘርጉላቸው እንጂ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ኮታቸውን አስተካከሉና እንደ ልማዳቸው ወደ ባለ ሳንቲሙ ሳይዞሩ መዳፋቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ቀጣይ!» አሉ።