አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ ይቆርጣል

ጢሱ አይመለስም። ይህን ከወንድሟ ቀድማ ያየችው አገሬ ናት። ባንተአምላክ በዋሻው አፍ ተንበርክኮ ኩበቱን እፍ ይላል፤ ጢሱ ግን ወደ ፊቱ ዞር እንኳ ሳይል ተስቦ ወደ ጨለማው ይገባል።

«ወንድምዓለም፣ ጢሱ በሙሉ ወደ ውስጥ እየገባ ነው እኮ።»

«እንዲገባ አይደል ያጨስሁት?» ቀና አላለም። «የሌሊት ወፎቹ ሲሸታቸው ወደ ብርሃን ይወጣሉ። ባልሽም አርፎ ኩሱን ይዝቃል።»

ባሏ ፋንታ ከውስጥ ነው። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ከገባ ቆይቷል። የገመዱ ሌላ ጫፍ በእሷ እጅ ነው። አንዴ ከሳበ፣ ጆንያው ሞልቷልና ጎትቺ ማለት ነው። ሁለቴ ከሳበ፣ እየወጣሁ ነው ማለት ነው። እስካሁን አንዴም አልሳበም።

ሐምሌ ገብቷል። ማሳው ታርሶ ዘር ይጠብቃል፤ ማዳበሪያው ግን ቢቸና ድረስ እየተመላለሱ ቢጠይቁም «ነገ» ከመባል አላለፈም። በምትኩ ቆላ ወርዶ ከኖራ ድንጋዩ ዋሻ የሌሊት ወፍ ኩስ መዛቅ የፋንታ ሐሳብ ነበር። ማጨሱ የማንም ሐሳብ አልነበረም፤ ልማድ ነው። ቀፎ ሲቆረጥ አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ ይቆርጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጢሱን የሚይዘው ባንተአምላክ፣ ማሩን የሚቆርጠው ፋንታ ነው። ጠዋት ፋንታ ወፎቹ ፊቱን እየመቱ አላሠራ ሲሉት ወጣና እየሳቀ፣ «በል እንግዲህ የንብ አባት፣ እጅህን አሳየን!» አለ። «ማር ካገኘሁም እልክልሃለሁ።» ብሎም ተመልሶ ገባ።

አገሬ ያን ጊዜ አንድ ነገር ልትል ነበር። ቀፎ ሁለት ክንድ ነው፤ ጀርባውም ይታወቃል። የዚህን ዋሻ ጀርባ ያየ ሰው የለም። ግን አገር ሁሉ ንቡን የሚያስጨሰውን ሰው በጢስ ነገር ምን ብላ ትመክረዋለች?

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ክረምት የሞላ ወንዝ ከሩቅ ሲሰማ እንደዚያ ነው። ከዚያ ወፎቹ መጡ። በላይዋ፣ በግራዋ፣ በቀኟ ጎረፉ፤ የክንፋቸው ነፋስ ሻሿን ገፈፈው። ገደሉ አናት ላይ ጭልፊቶች መዞር ጀመሩ።

«አየሽ!» ባንተአምላክ በደስታ ብድግ አለ። «አላልሁሽም?»

አንድ ነገር ደረቷ ላይ ወደቀ። አውራ ጣት የምታክል ጠጉር የሌላት የሌሊት ወፍ ግልገል ናት፤ ከእናቷ ሆድ ተላቃ ወድቃ የአገሬን ቀሚስ በጥፍሯ ያዘች። አገሬ ልታነሳት አልቻለችም። ሁለት እጇ ገመዱ ላይ ነው።

ሳበችው። ገመዱ መጣ። እንደገና ሳበችው፤ አሁንም እየቀለለ መጣ። ጫፉ ከጢሱ ውስጥ ወጥቶ እግሯ ሥር ተጋደመ። አልተበጠሰም። ቋጠሮው በእጅ ተፈቷል።

«አጥሮበት ነው» አለ ባንተአምላክ። ድምፁ ተለወጠ። «ኩሱ የበዛው ከወደ ጓዳው ነው ብሎኝ ነበር። አጥሮበት ፈታው።»

«ፋንታ! ኧረ ፋንታ!»

ዋሻው ስሙን ብቻ መለሰላት።

ባንተአምላክ እሳቱን በእግሩ በተነው። የሚጠጡትን ውኃ ከነጀሪካኑ ደፋበት፤ ፍሙ ተንሿሿ። በቀረችው ውኃ ጋቢውን አርሶ አፍና አፍንጫውን ጠመጠመና ገመዱን ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ። አገሬ ቀምታ አሰረችለት።

«አገሬ፣ እኔ እኮ እንደ ቀፎው...»

«ዝም በል! ግባ! ጎንበስ ብለህ ግባ!»

ገባ። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ እየፋቀ አለፈ፤ ሲያልቅ ተወጠረ። አገሬ ገመዱን ሁለት ጊዜ እጇ ላይ ጠምጥማ ነበርና ፈታችው። ያም አልበቃም። ወደ ዋሻው አንድ እርምጃ ገባች፤ ከዚያ ሌላ። ኩሱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ጢሱ ዓይኗን አቃጠላት፤ ጨፈነች። ክንዷን ዘረጋች፤ የገመዱን ጫፍ በጣቶቿ ብቻ ይዛ፣ የራሷን ቁመት ጨመረችለት።

«እመ ብርሃን» አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ገመዱ ላላ።

ወፎቹ ወጥተው አልቀው ዋሻው ጭር ብሏል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማታል። ደረቷ ላይ ያለችው ግልገል ሙቀት ፈልጋ ወደ አንገቷ ትሳባለች።

ገመዱ ተሳበ። አንዴ።

ሁለተኛውን ጠበቀች። እየወጣሁ ነው የሚለውን። አልመጣም። አንዴ ብቻ፤ የጆንያው ምልክት። ባንተአምላክ ግን ጆንያ ይዞ አልገባም።

ያን ጊዜ ገባት። ገመዱ አንድ ነው። ወንድሟ ከወገቡ ፈትቶ ሌላ ሰው አስሮበታል፤ እሱ ከዚያ ጢስ ውስጥ ያለ ገመድ ቀርቷል።

ተረከዟን ድንጋይ አስደግፋ ጎተተች። ክብደቱ የጆንያ አይደለም፤ ተራምዶ የሚያግዝ ሰው ክብደትም አይደለም። አንድ ክንድ መጣላት። መዳፏ ተላጠ። ሌላ ክንድ ጎተተች።

ከጨለማው ውስጥ ሳል ተሰማ። አንድ ሳል ብቻ፤ ከገመዱ ጫፍ ይሁን ከዚያ ወዲያ፣ የባሏ ይሁን የወንድሟ፣ ዋሻው እያስተጋባ አደባለቀባት። እንዲደገምላት ትንፋሿን ይዛ፣ መጎተቷን ሳታቆም ጆሮዋን ሰጠች።