ማንም የማያነበው ደብዳቤ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የአንዲት ጠበቃ ቢሮ የምታጸዳው የባሌ እህት ነች። እሷ እንደሆነ ስትወለውል እንኳ ጆሮዋ አያርፍም።

ጠበቃዋ ባሏ ሊገድላት ዝቶባት ከቤት የሸሸች አንዲት ደንበኛ ነበረቻት። በር ተቆልፎ እጀታው ሳብ ሳብ ሲደረግ ከሰማች ክው የምትል ሴት። ሁለት ከተማ ቀየረች፣ ሁለቱም ጋ ደረሰባት፣ ለጥቂት አመለጠች። ያለችበትን ትጽፍ የነበረው ግን ለጠበቃዋ ብቻ ነው፣ በኢሜይል፤ አሁን እሱንም ፈርታ ትታለች። ታዲያ ማን ነገረው? ከቤት ሌባ ይሰውር!

ጥርጣሬው ጸሐፊዋ ላይ ወደቀ። ስልኳ ሲጮህ ወደ ደረጃው ትሮጣለች። እኔም በመስኮቴ አያታለሁ፤ ደህና ወሬ ያለው ሰው ግድግዳ ታኮ አያንሾካሹክም።

ጠበቃዋ አዲስ የኢሜይል ሰርቨር የሚተክልላት ባለሙያ ስታፈላልግ አንድ ረጋ ያለ ሰው መጣ። ሰፈሩ “ዝምታው” አለው። ደብዳቤው ሁሉ የሚያልፍበትን የሰርቨር ሳጥን ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሊኑክስ የሚሉትን ጫነበት።

“ከእንግዲህ ደብዳቤዎ ተቆልፎ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ቢያዝም አይነበብም” አላት።

“እዚህ ያለ ሰውስ?” አለች፣ ጸሐፊዋን በጎን እያየች።

“ሁሉን የሚከፍተው ሩት የሚባለው ብቻ ነው።”

“እሱ ደግሞ ማነው?”

“እስካስረክብዎ ድረስ እኔ ነኝ።”

ተሳሳቁ። ሲወጣ ዕቃ ቤቱን ቆልፎ እጀታውን ሳብ ሳብ አደረገ። ጸሐፊዋ ይሄኔ ስልኳን በሻርፗ ሸሽጋ ከደረጃው ገባች።

“አንቺ! ከባልየው ጋር ነው የምታወሪው?” አለቻት ጠበቃዋ።

“ኧረ እትዬ፣ በፈጠረዎት! ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅ!”

“እኔስ መች አየሁት? ለመሸጥ ማየት ያስፈልጋል? ዕቃሽን ሰብስቢ!”

ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ጠበቃዋ እፎይ አለች።

በማግስቱ ዝምታው “አሁን እንሞክረው። ራቅ ያለ ሰው ይጻፍልን” አለ።

ጠበቃዋ ለሌላ ለማን ትጽፋለች? “አይዞሽ እህቴ፣ ቀዳዳው ተደፍኗል። ያለሽበትን ሳትፈሪ ጻፊልኝ” ብላ ለሴትዮዋ ላከች።

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ከመንደሩ ስም እስከ በሩ ቀለም።

“ሠርቷል” አለ ዝምታው፣ ከጀርባዋ ቆሞ።

ጸሐፊዋ ያኔ ይደውልላት ከነበረው ሐኪም ቤት እናቷን አውጥታ ቤት ታስታምማለች። ጠበቃዋ ቢሮዋን ዘግታለች። የባሌ እህት ሌላ ቦታ ትወለውላለች። የድሮውን ኢሜይል ከመንገድ እየጠለፈ ያነብ የነበረው ሰው ታውቋል፤ አዲሱን ሰርቨር ግን እስከ ዛሬ ሰብሮ የገባበት የለም። ሴትዮዋ ተቀብራለች።

ዝምታው ዳኛው ፊት ቆሞ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ሚስቴ ናት።”