መብራት የጠፋ ዕለት

አቺየንግ ናይሮቢ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ ሆና የአንድ መድን ድርጅት ደንበኞችን ስልክ የምታነሳ ሠራተኛ ናት። አለቃዋ ኪበት ቢሮው ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ በላፕቶፗ ካሜራ ያያታል። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይለግማል ባይ ነው። ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ እንኳ ባልደረቦቿ እየሰሙ፣ «እመቤቲቱ፣ እንቅልፉ እንዴት ነበር?» ይላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ባትሪው ያረጀው ላፕቶፕም ወዲያው ድርግም አለ። አቺየንግ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅታ በሞባይሏ ደወለችለት።

«አለቃ፣ ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶብኝ...»

«የአቺየንግን ስልክ ይዘሽ የምትደውይው አንቺ ማን ነሽ?»

«እኔው ነኝ እንጂ፣ አቺየንግ!»

ኪበት ሳቀ። «አቺየንግማ ይኸው ስክሪኔ ላይ፣ ቤቷ ተቀምጣ እየሠራች ነው። ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።»

አቺየንግ የጠቆረውን ስክሪን አየችው። ሌላ ጊዜ እንደ መስታወት ፊቷን ያሳያት ነበር። አሁን የሚያሳየው ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ብቻ ነው።

«አለቃ፣ በእግዚአብሔር፣ ድምፄን እንኳ አያውቁትም?»

ኪበት የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ የራሷ ድምፅ ደስ ብሎት ሲናገር ሰማችው፦ «እንደምን ዋሉ፤ አቺየንግ ነኝ፤ ምን ልርዳዎት?»

«አወቅኩት» አለ ኪበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ስሚ፣ የምቀጥረው አንድ አቺየንግ ብቻ ነው። ይቺኛዋ ደግሞ ሽንት ቤት አትሄድም።»

ስልኩን ዘጋባት።