የሚድን ጥርስ

«ይሄን ሙሌት ማን ነው የሠራልዎት?» ትላለች ዶክተሯ፣ ትንሿን መስታወት ከአናጢው አፍ ሳታወጣ። «ስንት ዓመቱ ነው? ጠርዙ እንኳ አልተነቃነቀም። እጁ ይባረክ።»

አናጢው መስታወቱ እስኪወጣለት ይጠብቃል።

«እጇ» ይላል።

ዶክተሯ ራጁን ወደ መብራቱ ታነሳለች። ጥርሱ የተጎዳው ከሥሩ ነው፤ ሙሌቱ ምንም አልሆነም። ወይ ሥሩ ይታከምና ጥርሱ ይተርፋል፣ ወይ ይነቀላል።

«ሥሩ ሲታከም ሙሌቱስ?»

«የምንገባው በሱ በኩል ነው። ተሰርስሮ ይወጣል።»

«ሲነቀልስ?»

«ሲነቀልማ እንዳለ አብሮ ይመጣል።» ትስቃለች። «ምነው ጋሼ፣ ለሙሌት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ባለቤቴ ናት የሠራችው። እንዳንቺው የጥርስ ሐኪም ነበረች። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት።»

ሳቋ ቀጥ ይላል።

የሚስቱን ልብሶች እህቶቿ ወስደዋቸዋል። ትራሷ ላይ የነበረው ጠረን ከመታጠብ ብዛት ጠፍቷል። በእጇ ከሠራችው የቀረው ይሄ ብቻ ነው፤ አንድ የምስር ፍሬ የሚያህል። ቢነቀል በብልቃጥ ይዞት ቤቱ ይገባል።

«መጀመሪያ እሷ ጋ ስሄድ» ይላል፣ «‹ንቀይልኝና ልገላገል› ነበር ያልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹የሚድን ጥርስ የሚያስነቅል ፈሪ ነው፤ በል አፍህን ክፈት!› ሁለት ሰዓት ሙሉ አፌን ከፍቼ ተጋደምኩልሽ። ያገባችኝ ዝምተኛ መስያት ነው።»

ዶክተሯ ፈገግ ትላለች። ውጭ ተረኛ ይጠራል፤ እሷ ግን አትቸኩልበትም።

አናጢው ጉንጩን ዳበስ ያደርጋል። አንዴ ወደ መንቀያው ጉጠት፣ አንዴ ወደ ጣሪያው ያያል።

«ሳስነቅለው ብታየኝ ትጣላኝ ነበር» ይላል በመጨረሻ። «ሥሩን አክሚው።»

መርፌው ግማሽ ፊቱን ያደነዝዘዋል። መሰርሰሪያው መጮህ ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ ሚስቱ በላዩ ጎንበስ ብላ ስትሠራ፣ ከጭንብሏ ሥር ታንጎራጉር ነበር። ከጩኸቱ ውስጥ ያቺን እንጉርጉሮ ይፈልጋል። አያገኛትም።

ጩኸቱ ይቆማል። «ይጉመጥመጡና ይትፉት» ትላለች ዶክተሯ፣ ኩባያውን እያቀበለችው።

ይጉመጠመጣል። ባልደነዘዘው በኩል፣ ከሙሌቱ ተሰርስሮ የወጣ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ምላሱ ላይ ይሰማዋል። ወደ መትፊያው ያጎነብሳል።

አይተፋም። ዶክተሯ ለስላሳ ወረቀት ይዛ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ጉንጩን እንደነፋ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ውሃው አፉ ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ ይቆያል።